የፍራሽ ሠሪው መድኃኒት

ወገቤን ባያመኝ ኖሮ ይህን ታሪክ አላውቀውም ነበር።

ፍራሼ ከመሃሉ ጎድጉዶ ጀልባ መስሏል። ማታ ቀጥ ብዬ እተኛለሁ፣ ጠዋት ታጥፌ እነሳለሁ። የሥራ ጓደኞቼ «ነርሷ ራሷ አስታማሚ ትፈልጋለች» እያሉ መሳቂያ ሲያደርጉኝ ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ፍራሹን ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩና ከገበያው ጀርባ ወዳለ ፍራሽ ሠሪ ወሰድኩት። ሰውየውን ከዚያ በፊት አላውቃቸውም። ሌላው ፍራሽ ሠሪ ዘግቶ ስለነበር ነው ወደ እሳቸው የሄድኩት።

ሱቁ አንድ ክፍል ነው። ግማሹን ጥጥ ይዞታል፣ የቀረውን ባልና ሚስት ተካፍለውታል። ባልየው ቀጭን ናቸው፣ ወደ ስልሳው ይጠጋሉ። መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ ፊት ተንበርክከው ጥጥ በቀጭን ዱላ ይመታሉ። ሚስታቸው ከመስኮቱ ሥር በስፌት መኪና የፍራሽ ልብስ ይሰፋሉ። የሁለቱም ቅንድብ በብናኝ ነጥቶ ስለነበር እኔ መጀመሪያ ከዕድሜያቸው በላይ ሽማግሌዎች መስለውኝ ነበር። በስተኋላ ወደ መኖሪያቸው የሚያስገባ በር አለ፣ መጋረጃ ተጥሎበታል።

ሰውየው ፍራሼን ፈተው፣ እጃቸውን በስፌቱ ቀዳዳ አስገብተው ዳሰሱት።

«ጥጡ አልሞተም» አሉኝ። «ተጋግሮ ነው። አንድ ጎኑን ብቻ ለዓመታት ተኝተሽበታል። አይዞሽ ልጄ፣ አውጥተን ፀሐይ እናስመታዋለን፣ በዱላ እናነቃዋለን፣ እንደ አዲስ ይሆናል።»

ይህን እየተናገሩ ሳለ ከግድግዳው ጋር የተደገፈ ሌላ ፍራሽ ዓይኔን ወሰደው። ወፍራም ነው፣ ነጭ ነው፣ ጠርዙ በእጅ ተሰፍቷል። ጫን ባደርገው እጄን እስከ ክርኔ ዋጠኝ።

«ጋሼ፣ የእኔን ይተዉትና ይኼን ይሽጡልኝ።»

«እሱ አይሸጥም። የልጄ ነው።»

ሚስትየዋ የስፌት መኪናውን አቆሙ። «ሦስተኛ ፍራሿ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሁለቱ ፍራሾች ስላልተመቿት ይሆናል እስካሁን ያልተነሳችው።»

የነገሩ ቃና ቀልድ አልነበረም። ባልየው ዱላቸውን አንዴ አነሱት፣ አንዴ አወረዱት። የሰው ቤት ጉዳይ ነውና ዝም ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ዝም ማለት የሚባል ነገር አልተፈጠረብኝም። ልጅቷ ምን ሆና እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ደክሟታል» አሉ ባልየው። «አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትንሽ ሆና ንቢት ነበር የምንላት፣ አንድ ቦታ አታርፍማ። እዚህ ጥጥ ላይ ስትዘል፣ እዚያ ክር ስታጠላልፍ፣ ስንቴ ከመርፌ አትርፈናታል። አሁን ግን ክረምቱ ካለፈ ጀምሮ ትምህርት ቤት አንድ ቀን ትሄዳለች፣ ሁለት ቀን ትቀራለች። ከዚያ ጭራሽ ተወችው። ምግብ አያሰኛትም። ጓደኞቿ ሲመጡ ‹ተኝታለች በሏቸው› ትላለች። ስለዚህ ሥራ በሙሉ ከላይዋ አወረድንላት። ውሃዋን አጠገቧ አስቀምጣለሁ፣ ምግቧን አልጋዋ ድረስ እወስዳለሁ፣ መስኮቷን እጋርዳለሁ። ሰኞ ደግሞ ትምህርት ቤቷ ሄጄ ለዘንድሮ ይቅርባት ልላቸው ነው። ዓመቱን በሙሉ ትረፍ። በዚህ ፍራሽ ላይ ሆና ትረፍ።»

«ስንፍና ነው» አሉ ሚስትየዋ። «እኔ በሷ ዕድሜ ሰው ቤት ልብስ አጥብ ነበር። ማን ነው ፍራሽ ያነጠፈልኝ?»

እናቶች ሲፈሩ ይቆጣሉ። ሴትዮዋ ይህን እየተናገሩ ዓይናቸው መጋረጃው ላይ ነበር፤ ያን ያየ ሰው ቁጣቸውን ለቁም ነገር አይቆጥረውም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እኔ ሆስፒታል ነው የምሠራው። በአእምሮ ሕክምና ክፍል የወጣቶች ነርስ ነኝ። ከፈቀዱልኝ ልጅዎን ባያት ደስ ይለኛል።»

እስካሁን ልጄ ሲሉኝ የቆዩት ሰው ድንገት አንቱ አሉኝ። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ እብድ አይደለችም።»

«እብድ ናት ያለ ማን አለ? እግሩን ወለም ያለው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ እብድ ይባላል? ደግሞ አንቱታው ይቅርብኝ ጋሼ፣ ገና አላገባሁም፣ ያስረጁኛል።»

ሚስትየዋ ሳይወዱ ሳቁ። ባልየው ግን አልሳቁም። ጎረቤት የሰማ እንደሆነ ብለው በሩን አዩ፣ መጋረጃውን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሏቸውና ተነስተው መጋረጃውን ገለጡልኝ።

ክፍሏ ጠባብና ንጹሕ ነበረች። የትምህርት ቤት ቦርሳ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተሰቅሏል፣ የጥጥ ብናኝ አልብሶታል። የጠዋቱ ሻይ ሳይነካ ቀዝቅዟል። እኩለ ቀን ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው፣ ክፍሉ ግን በመጋረጃ ብዛት ጎሕ ያልቀደደ ይመስላል። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አባቷ ተከትለውኝ ገብተው ጎንበስ አሉና ብርድ ልብሷን እያስተካከሉ «ተኚ ልጄ፣ ገና ነው» አሏት በሹክሹክታ። ይህንኑ ሁልጊዜ እንደሚሏት ከአባባላቸው ያስታውቃል።

ለብቻችን እንዲተዉን ለመንኳቸው። ማን እንደሆንኩ ለልጅቷ ነገርኳት፣ ለማውራት እንደማትገደድም ነገርኳት። ከዚያ ሳትዞር፦

«ሲስተር፣ ሰነፍ ነኝ መሰለኝ» አለችኝ። «እማዬ ልክ ናት።»

«ሰነፍ ሰው ስለ ስንፍናው አያለቅስም። ትራስሽ ርሷል።»

ዞረች። ዓይኖቿ የአባቷ ናቸው። ከምን እንደጀመረ ጠየቅኳት፣ አታውቅም። ማንም አላስቀየማትም፣ ምንም አልጎደለባትም፣ ግን የሚያስደስታት ነገር ሁሉ እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ሆኗል። ሌሊት እንቅልፍ የላትም፣ ቀን ደግሞ ሰውነቷ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያ ግልጹን ጥያቄ ጠየቅኳት፤ መሞት ታስብ እንደሆነ። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሐሳቡን ለልጅ የሚሰጥ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይሰጥም። ተደብቆ የነበረውን ያወጣዋል እንጂ።

«ባልነቃ ብዬ አውቃለሁ» አለች። «ራሴን ለመጉዳት ግን አስቤ አላውቅም።»

እንዲህ ያለው ሐሳብ ከባሰባት ሳትውል ሳታድር ለወላጆቿ ወይም ለእኔ እንድትነግር ቃሏን ተቀበልኳት። ለወላጆቿም ይህንን ብቻ እንደምነግራቸው፣ ሌላውን ግን እሷ ካልፈቀደች እንደማላወጣው ነገርኳት። ያኔ ነው ቀስ ብላ የቀረውን ያወጣችው።

«ፍራሹ በለሰለሰ ቁጥር መነሳት ይበልጥ ይከብደኛል። ይውጠኛል። ግን ይህን ለአባባ እንዳይነግሩት። በጣም ለፍቶበታል።»

ስወጣ ባልና ሚስቱ ቆመው ነበር። እንድንቀመጥ ጠየቅኳቸውና በጥጥ ከረጢት ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ ባልነቃ ማለቷን በለሆሳስ ነገርኳቸው። እናትየው አፋቸውን በጨርቅ ያዙ። አባትየው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

«ይህ ድባቴ የሚባል ሕመም ነው» አልኳቸው። «ስንፍና አይደለም፣ ድካምም ብቻ አይደለም። ሐኪም ሊያያት ይገባል። ይድናል።»

«ማን አስቀይሟት ይሆን?» አሉ አባትየው። «ሌት ተቀን የሚያብሰለስለኝ ይኼ ነው። አስተማሪ ይሆን? ጓደኛ ይሆን? እኔ ነኝ?»

«ማንም ላይሆን ይችላል። ጉንፋን ማን አስቀይሞን ነው የሚይዘን?»

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ክኒን ነው?»

«ክኒን የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፤ ያንን ሐኪሙ አይቶ ይወስናል። ከአማካሪ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራትም አለ፤ ለንቢት ይህ ሳያስፈልጋት አይቀርም። ከእነዚህ ጎን ለጎን ግን ዛሬውኑ ከዚህ ቤት የሚጀመር መድኃኒት አለ። ሰውነቷን ማንቀሳቀስ። መራመድ፣ ሲሆንላት መሮጥ፣ ኳስ መምታት፣ ገመድ መዝለል። ልቧ ድው ድው እስኪል፣ ግንባሯ እስኪያልበው።»

አባትየው አዩኝ። ሰው የማያሳፍር ሰው ናቸው፣ ስለዚህ መልሳቸውን መርጠው ነው የተናገሩት።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እኔ ከጥጥ በቀር የማውቀው የለም። ግን ያዘነን ሰው ሩጥ ማለት የራበውን ሰው ዝፈን እንደማለት ነው። እሷ ከአልጋ ወርዳ ፊቷን መታጠብ አቅቷታል። በምን ጉልበቷ ነው የምትሮጠው?»

«እውነትዎን ነው። ሄጄ ሩጪ ብዬ ብጮህባት ቀልድ ነው የሚሆነው፣ እሱም ክፉ ቀልድ። ዛሬ የምንጠይቃት እስከ በሩ እንድትመጣ ነው። ነገ እስከ መንገዱ። ጉልበት እስኪመጣ ቁጭ ብለን ብንጠብቅ አይመጣም ጋሼ። የሷ ድካም የሥራ ድካም አይደለም። የሥራ ድካም በእንቅልፍ ይወጣል፤ ይኼኛው ግን በተኙ ቁጥር ይጨምራል። ቀን ስትተኛ የሌሊቱ እንቅልፍ ይጠፋል። ሌሊቱን ስላልተኛች ቀን ትተኛለች። ጡንቻዋ ይላላል፣ ምግብ ይዘጋታል፣ ጓደኛ ትሸሻለች፣ በመጨረሻ ‹እኔ ለምንም የማልረባ ነኝ› ትላለች።»

«ስትንቀሳቀስስ?» አሉ እናትየው።

«አእምሮም እንደ እጅና እግር የሰውነት ክፍል ነው። ሰውነት ሲሠራ ደም ይዘዋወራል፣ አንጎል ውስጥ ስሜትን የሚያነቃቃው ነገር ይታገዛል፣ ማታ እንቅልፍ በራሱ ጊዜ ይመጣል። እኔ ግን በልጆቹ ላይ የማየው ሌላም ነገር አለ። እስከ መንገዱ ሄዳ የተመለሰች ልጅ ማታ ‹ዛሬ አንድ ነገር አደረግኩ› ትላለች። ለእኛ ኢምንት ነው። ለእሷ ከብዙ ጊዜ በኋላ በራሷ የኮራችበት የመጀመሪያው ነገር ነው።»

አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎረቤት ምን ይላል? የፍራሽ ሠሪው ልጅ ጠዋት ጠዋት ትሮጣለች፣ ማን እያባረራት ነው ይላሉ።»

«ጎረቤት አሁንስ ምን እያለ ነው?» አሉ ሚስታቸው። «አርግዛ ነው የደበቋት እያለ አይደለም?»

«ማን ነው ይህን ያለው?»

«ማን ያላለ አለ? አንተ መስኮት ስትጋርድ ነው የምትውለው፤ ገበያ የምወጣው እኔ ነኝ።»

ሰውየው ይህን አልሰሙም ነበር። ብናኝ ያነጣው ፊታቸው ቀላ። በዚህ ጊዜ እኔ ታግሼ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ነገር ግን እልህ ይዞኝ የማይባል ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የእርስዎም ደግነት እንደዚያ እየሆነ ነው። ውሃዋን ወሰዱላት፣ ምግቧን ወሰዱላት፣ ብርሃኗን ጋረዱላት። እግሯ ምን ሊሠራ ቀረላት?»

ቀና ብለው ሲያዩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «እንግዲያ እኔ ነኛ የጎዳኋት» አሉ። «ሰው የሚያውቀውን ነው ለልጁ የሚሰጠው። እኔ የማውቀው ሰው እንዲመቸው ማድረግ ነው። አባቴም ይህንኑ ነው ያስተማረኝ። ሰው ሲታመም ምን ይባላል? ረፍት ያድርግ ነው የሚባለው።»

አንጀቴን በሉት። ይህን ሰው ለማሳመን ስል ልቡን መስበሬ አሳዘነኝ፣ ድምፄንም ዝቅ አደረግኩ።

«አልጎዷትም። እሷ ምን ያህል እንደሚወዷት ታውቃለች፤ በር ዘግታ ያልጠፋችው፣ ዛሬም ያናገረችኝ እሱን ስለምታውቅ ነው። ረፍትም ክፉ ነገር አይደለም፣ ለደከመ ሰው። እስቲ ስለ ፍራሼ ቅድም ምን ነበር ያሉኝ?»

«ጥጡ አልሞተም፣ ተጋግሮ ነው።»

«በላዩ አዲስ ጥጥ ቢጨምሩበትስ?»

«ምን ዋጋ አለው? ከሥር የተጋገረው እንደ ተጋገረ ነው። ማውጣት ነው፣ ፀሐይ ማስመታት ነው፣ መምታት—» አሉና ቀጥ አሉ። ወዴት እየወሰድኳቸው እንደሆነ ገብቷቸዋል። ዱላቸውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። «እና አሁን ልጄን በዱላ ልምታት ነው የምትይኝ?»

ከመጋረጃው በስተጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ። አጭር ነው፣ የታፈነ ነው፣ ግን ሳቅ ነው። እናትየው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ከጠፋ ስንት ጊዜው እንደሆነ ከፊታቸው አነበብኩ።

መጋረጃው ተገለጠና ልጅቷ ብርድ ልብሷን እንደ ነጠላ ተከናንባ ባዶ እግሯን ብቅ አለች። ብርሃኑ ዓይኗን ስለወጋት እጇን ጋረደችበት። አባቷ ፈጥነው ተነሱ።

«ምን አስነሳሽ የኔ ልጅ? ተመለሺ፣ ተኚ፣ ገና ነው።»

«አባባ» አለች፣ «ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ።»

«በምን እቀየምሻለሁ?»

«ፍራሹ ይውጠኛል። አንተ ስታለሰልሰው እኔ ወደ ታች እሰምጣለሁ። ስለለፋህበት ነው ያልነገርኩህ።»

ሰውየው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ፍራሽ አዩት። ስንት ቀን እንደደከሙበት፣ ከስንት ከረጢት ጥጡን እንደመረጡለት ስፌቱ ይናገራል። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። እኔ ያን ሁሉ ንግግር ተናግሬ ያልገባቸው ነገር በእነዚህ ጥቂት ቃላት ገባቸው።

«ምነው ታዲያ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ?» አሉ ቀስ ብለው። «ድንጋይ ላይ አስተኛሽ ነበር።»

ሁለተኛ ጊዜ ሳቀች። እኔም አጋጣሚውን ላሳልፈው አልፈለግኩም።

«ጋሼ፣ ዱላውን ለእሷ ይስጧት።»

አመነቱ፤ ሚስታቸው ከእጃቸው ወስደው ሰጧትና ከፍራሼ ጥጥ አውጥተው ሸራው ላይ ዘረገፉላት። ንቢት ብርድ ልብሱን ጥላ ከሸራው አጠገብ ተንበረከከችና የእኔን የተጋገረ ጥጥ መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጥቂት ጊዜ። ክንዷ ዛለና ተቀመጠች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ አለ። አባቷ ሊያነሷት ጎንበስ ሲሉ እናቷ ክንዳቸውን ያዙ። «ተዋት» አሉ። ልጅቷ አረፍ ብላ እንደገና ዱላውን አነሳች። ጥጡ በኖ በፀሐዩ ጨረር ውስጥ ተንሳፈፈ፣ የእሷንም ቅንድብ አነጣው። ያኔ ነው ሦስቱ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው የታየኝ።

ከመሄዴ በፊት ምክሬን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። በግድ እንዳይሆን፤ ቅጣት የሆነ እንቅስቃሴ መድኃኒት አይሆንም። ምን እንደምትሠራ እሷው ትምረጥ። በአቅሟ ትጀምርና በየጥቂቱ ትጨምር፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሲበዛ ማውራት የምትችልበት፣ መዝፈን ግን የማትችልበት ፍጥነት ይበቃታል። ብቻዋን አትሁን፤ ከሰው ጋር ሲሆን ይቀላል። ለመቅጠን አይደለም፣ ለመሸለምም አይደለም። በጥቂት ቀን ውስጥ ለውጥ አላየንም ብለው እንዳይተዉት፤ ሳምንታት ይወስዳል። ሰኞ ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት ለማሰናበት ሳይሆን ወደ ሆስፒታላችን ይምጡ።

መጡ። ሐኪሙ አያት፣ አማካሪዋ በየሳምንቱ ታናግራት ጀመር፣ ለጊዜው ክኒን እንደማያስፈልጋት ተነገራቸው፤ ካልተሻላት እንደገና እንደሚታይም ጭምር። ከትምህርት ቤቷ ጋር ተነጋግረው መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ቆይቶም ሙሉ ቀን እንድትማር ተስማሙ። አባቷ መስኮቱን ከፈቱ። ውሃዋን አጠገቧ ማስቀመጥ ተዉ፤ ይህ ከሁሉ የከበዳቸው ነገር እንደነበር በኋላ ነግረውኛል። እናቷ ከጥጥ እስር ላይ የተፈታ ገመድ ቆርጠው፣ ጫፍና ጫፉን በጨርቅ ሰፍተው የመዝለያ ገመድ ሠሩላት። እንዴት እንደሚዘለል ላሳያት ብለው ጀምረው ራሳቸው ማቆም አቃታቸው አሉ።

ነገሩ ሁሉ ቀጥ ያለ መንገድ ነበር ብል ውሸት ይሆናል። አንድ ሳምንት ጥሩ ሆና ከርማ ድንገት እንደ ቀድሞዋ ግድግዳውን ታቅፋ የዋለችበት ቀን ነበር። አባቷ ደንግጠው ሆስፒታል ድረስ መጡብኝ። «ተመለሰባት» አሉ። እኔም መጥፎ ቀን እንዳለ፣ ሕመሙ እንዲህ ወጣ ገባ እንደሚል አስረዳኋቸው። ተመልሰው ምን እንዳደረጉ ንቢት ናት የነገረችኝ። አልተቆጡም፣ ብርድ ልብስም አላለበሷትም። አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው ጫማቸውን አሰሩና «እኔ እስከ በሩ ልሄድ ነው» አሏት። ጠበቋት። እስከ በሩ ድረስ ብቻ አብረው ሄደው ተመለሱ። ያ ቀን በዚህ አለፈ።

ወራት አለፉ። ፍራሼ ቀጥ ብሏል፣ ወገቤም እንዲሁ። በሱቁ ባለፍኩ ቁጥር አባትየው ለደንበኞቻቸው ሲሰብኩ እሰማለሁ። «ልጅ ካልህ ጠዋት ይዘኸው ውጣ» ይላሉ ፍራሽ ሊገዛ የመጣውን ሰው። «የኔዋ ሌሊት ትተኛለች፣ ቀን ትበላለች፣ ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች። ከጓደኞቿ ጋር ሜዳ ላይ ኳስ ስትጫወት ድምፅዋ እዚህ ድረስ ይሰማል። ከእናቷ ጋርም መጣላት ጀምራለች፣ ድሮ ለመጣላት እንኳ አቅም አልነበራት። እኔም ጉልበቴን ያመኝ ነበር፣ ተወኝ። ልጅህ ዝም ካለ ስንፍና ነው አትበል፣ ሐኪም ጠይቅ፣ ከዚያ ጫማውን አስረህ አብረኸው ሂድ።» ሚስታቸው ከስፌት መኪናው ጀርባ «ፍራሽ ሠሪ ሆኖ ሰውን አትተኛ የሚል፣ ገበያችንን ሊዘጋው ነው» ይላሉ። ግን ሲናገሩ ይስቃሉ።

ባለፈው ንቢት «አንድ ጠዋት አብረሽን ካልሄድሽ ምክርሽን አልቀበልም» አለችኝ፤ እሷም አንቱታውን ትታዋለች። ገና ጎሕ ሲቀድ ደረስኩ። እናትየው በሩን ከፍተው አስገቡኝ። ልጅቷ ጫማዋን አስራ፣ ፀጉሯን ሰብስባ ቆማለች። ሦስተኛው ፍራሽ የባልና ሚስቱ አልጋ ላይ ነበር፤ አባትየው እላዩ ላይ ሰጥመው አፍንጫቸው ብቻ ይታያል። ያን ቀን በጣም የደከማቸው ይመስላሉ።

ንቢት ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ነካችው።

«አባባ፣ ተነሳ።»

«ተኚ ልጄ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ገና ነው።»

ብርድ ልብሱን ከላያቸው ቀስ ብላ ገፈፈችና መስኮቱን ከፈተችው።

«ነግቷል አባባ» አለች። ጫማቸውን አንስታ እግራቸው ሥር አስቀመጠችላቸው።